ክሎኒዲን ወይስ ሜቲልዶፓ? ነርቭ ላይ የሚሠሩት የግፊት ክኒኖች

ከተራ ዕለት አክስቴ ከአዘዞ መጥታ ታቦት ተከትላ ጥምቀተ ባሕሩ ወረደች። ክኒኗ ግን ቤት ቀረ። የሚካኤል ዕለት ጠዋት ራሷን ይፈልጣት፣ ልቧ ይደልቅ ጀመር። ግፊቷ ሲለካ መድኃኒት ከመጀመሯ በፊት ከነበረው በልጦ ተገኘ። ስትወስድ የነበረው ክሎኒዲን ነው።

ፋርማሲ ውስጥ ስለምውል "ከሁለቱ የቱ ይሻላል?" የሚለኝ ብዙ ነው። መጀመሪያ ሥራቸውን እንይ። የአንጎል ግንድ የሚሰጠውን ትእዛዝ ኅብለ ሰረሰር ውስጥ፣ ከደረት እስከ ወገብ መጀመሪያ ድረስ ያሉ የነርቭ ሕዋሳት ይቀበሉና ወደ ልብና ደም ሥር ይልካሉ። ትእዛዙ ሲበረታ ደም ሥር ይጠብባል፣ ግፊት ይወጣል። ሁለቱም ክኒኖች አልፋ 2 የሚባለውን መቀበያ ይዘው ትእዛዙን ያለዝባሉ። በይበልጥ የሚሠሩት አንጎል ግንድ ላይ ነው፤ ኅብለ ሰረሰሩም ላይ ግን እጃቸው አለ። እንዲያውም ክሎኒዲን በጀርባ መርፌ ለከባድ የካንሰር ሕመም ማስታገሻም ይሰጣል።

ክሎኒዲን እንደተዋጠ በቀጥታ ይሠራል፤ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይበቃዋል። ሜቲልዶፓ ነርቭ ውስጥ ገብቶ መለወጥ ስላለበት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈልጋል። ሁለቱም አፍ ያደርቃሉ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛሉ።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ ነገሩ ቀላል ነው፦ ሜቲልዶፓ ለረጅም ዘመን የተሞከረ ነው። ጉበት የታመመ ሰው ግን አይወስደውም። ክሎኒዲን ጠንቁ በድንገት ሲቋረጥ ነው። ታፍኖ የቆየው ትእዛዝ ባንዴ ይለቀቅና ግፊቱን ያንረዋል። ፕሮፕራኖሎልን የመሰለ የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት አብሮ ከተወሰደ ደግሞ ይብሳል። ለሚረሳ ሰው፣ መንገድ ለሚበዛበት፣ በጾም ሰዓት ለሚዛነፍበት እኔ ክሎኒዲንን አልመርጥም። ማዘዣው ላይ ካለም፣ ከመጀመርዎ በፊት ፋርማሲው ሳያቋርጥ የሚያመጣው መሆኑን ይጠይቁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነ ለአብዛኛው ሰው ሁለቱም የመጀመሪያ ምርጫ አይደሉም። አምሎዲፒን የሚባለው ሌላ የግፊት ክኒን ነርቩን ትቶ ራሱን ደም ሥሩን ያላላል፣ በቀን አንዴ ይበቃል፣ አንድ ቀን ቢረሳም ያን ያህል አይቀጣም። ቁርጭምጭሚት ግን ያሳብጣል።

አክስቴን ሐኪሟ ክሎኒዲኑን በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ቀንሶ ወደ አምሎዲፒን ቀየራት። አሁን የምታማርረው ጫማዋ ስለጠበባት ነው።