ካምቢዮ ሳያወርድ መኪናዬን ያዳነው የደብረ ማርቆስ ጋራዥ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አውቶማቲክ መኪና ይዞ መካኒክ መፈለግ አበሳ ነው። አይሱዙ ከሆነ፣ ባጃጅ ከሆነ በየመንገዱ የሚነካው ሞልቷል። አውቶማቲክ ሲባል ግን ብዙዎቹ ከሁለት አንዱን ይሏችኋል፤ ወይ «አዲስ አበባ ውሰደው»፣ ወይ «ካምቢዮው ይውረድ»። ይሄኛው ጋራዥ ሁለቱንም አላለኝም። ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

ቦታው ስም የለውም። ወደ ደጀን መውጫ ላይ ነው፤ ሰማያዊ ቆርቆሮ በር፣ ከበሩ ጎን የተቆለለ አሮጌ ጎማ። ካልሆነላችሁ «አውቶማቲክ የሚሠሩት ሰውዬ ጋ» በሉ፤ የባጃጅ ልጆች ያደርሷችኋል።

መኪናዬ በፈረንጅ የ2004 ኮሮላ ናት። አባይን ስትወርድና ስትወጣ ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው። ከድልድዩ እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ነው ሽቅብ የሚወጣው፤ ያ ሁሉ ዳገት ለአውቶማቲክ ካምቢዮ ሙቀት ነው፣ ሙቀት ደግሞ ዘይቱን ይጨርሰዋል። የኔም ጠቁሮ ነበር። የባለቤቴ ወንድም አዲስ አበባ መካኒክ ነው፤ ለፋሲካ ሲመጣ ታይፕ ቲ-ፎር የሚባለውን፣ ለዚህች መኪና የታዘዘውን ዘይት ይዞልኝ መጣ። ግቢያችን ውስጥ ቀየርነው። ከታች ባለው ቡሎን የሚወርደው ሙሉው ዘይት አይደለም፤ 3 ሊትር ገደማ ነው፣ የቀረው እዚያው ካምቢዮው ውስጥ ይቀራል። የወጣውን ለክተን ያንኑ ያህል መለስን። ሥራው ንጹህ ነበር፤ ዛሬም የማማው የለኝም።

ሞተሩ ሲነሳ ግን ሌላ መኪና ሆነች። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ፣ ትንቀጠቀጣለች። ቤንዚን ስረግጥ ትተናነቃለች፣ ትቆራርጣለች፣ ከዚያ ድንገት ትፈናጠራለች። ቼክ ኢንጂን መብራቱም በራ። አማቼ በማግስቱ መሄድ ስለነበረበት ሄደ።

መጀመሪያ የወሰድኩት ሌላ ቤት ነው፤ ስሙን አልጠራም። ኮምፒውተር ሰኩ፣ ፒ 0171 የሚል ኮድ አወጡ፣ አጠፉት። ከበሩ ሳልርቅ መብራቱ ተመልሶ በራ። ስመለስ ልጁ ኮፋኖውን እንኳ ሳይከፍት «ዘይት ስትቀይሩ ካምቢዮውን ገድላችሁታል፣ መውረድ አለበት» አለኝ። የተናገረው ዋጋ እዚህ ቢጻፍ አታምኑኝም። የሚገርመው፣ ያ ኮድ ከካምቢዮ ጋር ምንም አያገናኘውም። ትርጉሙ ሞተሩ ውስጥ አየር በዝቷል፣ ቤንዚን አንሷል ነው። ይሄን ያወቅሁት በኋላ ሰማያዊው በር ጋ ነው።

እዚያ ያሉት ሰውዬ ስልሳውን ያለፉ ይመስሉኛል። ጋሼ ነው የምላቸው፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። ኮምፒውተር አላሉም። ወንበር አስመጡልኝና ጠየቁኝ።

«ምን ሆነች?»

«ጋሼ፣ የካምቢዮ ዘይት ቀይረን ሞተሯ ይቆራርጣል።»

«እሺ። ዘይቱን ለመቀየር ምን ምን ፈታችሁ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ነገርኳቸው። ዘይቱ የሚጨመረው መለኪያው በሚገባበት ቱቦ ነው። እጅ አላስገባ ስላለ የአየር ፊልትሮውን ክዳን አንስተን፣ ከሱ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም ጥቁር ጎማ ገለል አድርገነው ነበር። ሲጨርስ አማቼ ሁሉንም ቦታው መልሷል፣ ማሰሪያውንም አጥብቋል።

ሰሙኝና ተነሱ። መጀመሪያ የሞተሩን ዘይት መለኪያ መዘው አዩ። ለምን ስላቸው፣ የካምቢዮ ነው ብሎ የሞተሩን ዘይት አውርዶ፣ ካምቢዮው ላይ ደግሞ ደርቦ የሚሞላ ሰው በየጊዜው ይመጣል አሉኝ። የኔ ደህና ነበር። ከዚያ ማርሹን ፒ (ማቆሚያው) ላይ አድርገው ሞተሩን አስነሱ። ቆማም ትቆራርጣለች። «በል እንግዲህ፣ ካምቢዮው ነጻ ወጣ» አሉ።

ነገሩ ቀላል ነው፤ ግን ብር ያድናል። መኪናችሁ ፒ ወይም ኤን (ዜሮ ማርሽ) ላይ ቆማ የምትተናነቅ ከሆነ መጀመሪያ ሞተሩን ጠርጥሩ። ቆማ ጸጥ ብላ፣ ዲ (መንጃውን) አስገብታችሁ ስትነዱ ብቻ እርግፍግፍ የምትል ከሆነ ያኔ ወደ ካምቢዮው፣ ወደ ዘይቱ ዓይነትና መጠን ሂዱ። በተለይ ሲቪቲ የሚባለው፣ በጥርስ ማርሽ ፋንታ በቀበቶ የሚሠራው ካምቢዮ ያላቸው ቪትዞች ከራሳቸው ዘይት ሌላ አይወዱም። «ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁን አትስሙ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቆሜ አየሁት። ጋሼ ሞተሩ እየሠራ ያንን ጥቁር ጎማ ያዙ። እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ነው። ቀስ ብለው ወደ ላይ ሲያጎብጡት ሞተሩ ሊጠፋ ደረሰ፤ ሲለቁት ተመለሰ። ባትሪ አብሩልኝ አሉ። ከታች በኩል፣ ሁለት እጥፋት መሀል፣ ጎማው የጣት ያህል ተሰንጥቋል። ላዩ አቧራና ዘይት ስለሆነ በዓይን አይታይም። ሲጎብጥ ግን አፉን ይከፍታል፤ ጆሮ ለሚሰጠው ሽው የሚል ድምፅ አለው። መዳፋቸውን ስንጥቁ ላይ ገጥመው ሲይዙት ሚኒሞው ተስተካከለ። እጃቸውን ሲያነሱ መንቀጥቀጧ ተመለሰ። ሁለቴ አሳዩኝ። ሁለተኛውን እኔ ራሴ እንድይዘው አደረጉ።

ምክንያቱንም አስረዱኝ። አየሩን የሚለካው ሰንሰር ፊልትሮው ክዳን ላይ ነው፣ ከጎማው በፊት። ኮምፒውተሩ ሰንሰሩ በቆጠረው አየር ልክ ቤንዚን ያዛል። በስንጥቁ የሚገባው አየር ሳይቆጠር ስለሚያልፍ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩም ይተናነቃል። ቤንዚን ሲረገጥ ደግሞ ሞተሩ ቦታው ላይ ይወዛወዛል፤ ጎማው ይሳባል፣ ስንጥቁ ይሰፋል። ስነዳ የሚብስብኝ ለዚህ ነበር። ሃያ ዓመት ያለፈው ጎማ ደርቆ ነበርና ገለል ሲደረግ ተሰነጠቀ፤ በቃ። የሰንሰሩን ሶኬትም ነቅለው ሰኩት። ሳይገባ የቀረ ሶኬትም ልክ ይሄንኑ ያመጣል አሉኝ፤ ስለዚህ እናንተም ዘይት ቀይራችሁ መኪናችሁ ቢያስቸግር መጀመሪያ በእጃችሁ የነካችሁትን ሁሉ ዞራችሁ እዩ።

ጎማውን ለጊዜው በፕላስተር ጠቅልለው ሰጡኝ። አዲሱን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አማቼ ፈልጎ በአውቶቡስ ላከልኝ፤ ይዤው ስመለስ እዚያው ቆሜ ገጠሙልኝ። ኮዱን አጠፉት፤ አልተመለሰም።

ሳልጠይቃቸው የካምቢዮውንም ዘይት ለኩት። ቀዝቃዛ ሆኖ አይለካም፤ መጀመሪያ ነድተው አሞቁት። ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ፍሬን ይዘው፣ ማርሹን አንድ በአንድ እስከ ታች አሳልፈው ወደ ፒ መለሱት። ከዚያ ነው መለኪያውን የመዘዙት። ትንሽ ጎድሎ ነበር፤ ተርፎ ከቤት ካመጣሁት ጨመሩበት። ዘይቱን ጣታቸው ላይ አሽተው አሸተቱት፣ ቀለሙ ቀይ ነው፣ የተቃጠለ አይሸትም። «ይሄን ካምቢዮ አውርድ ያለህ ሰው ልጆቹን ማስተማሪያ ፈልጎ ነው» ብለው ሳቁ።

ያስከፈሉኝ ለሁሉም 700 ብር ነው፣ ሁለተኛውን ቀን ጨምሮ። ከዚያ በላይ ልጨምር ስል ተቆጡ።

አሁን የማልወደውን ልናገር። ጉድጓድ የለም፣ መኪና የሚነሳው በክሪክ ነው፤ ከሥሩ የሚደረገው ደግሞ ድንጋይ ነው። አንዱ ረዳት እንደዚያ የተነሳ አይሱዙ ሥር ገብቶ ሲሠራ አይቼ ሆዴ ተገለባበጠ። ለጋሼ ነገርኳቸው፣ «የለመደ ነው» አሉኝ። መልመድ ድንጋይ አያጸናም። እንዲህ ጠንቃቃ ሰው እዚህ ላይ ለምን እንደሚዘነጉ አይገባኝም። ደረሰኝም የለም፤ የመሥሪያ ቤት መኪና ይዛችሁ ከሆነ ይቸግራችኋል። ክረምት ላይ ግቢው ጭቃ ነው፣ ጫማ አስቡበት።

ቀጠሮ አይያዝም፤ የመጣ ይሰለፋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከደረሳችሁ ቶሎ ትታያላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ግን ሚኒባሶቹ ይሞሉታል። በወሩ 21 ለማርያም ይዘጋሉ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ አውቶማቲክ ከሆነ ግን ጋሼ ራሳቸው መኖራቸውን ሳትጠይቁ ቁልፍ እንዳትሰጡ።