«ሰዓት በአራት በመቶ ይቀንሳል» የሚባለውን የካርቦን ጫማ ሳትመረምሩ አትግዙ

ለጎዳና ሩጫ የምትዘጋጁ ሁሉ፣ በተለይም ስፖንሰር ሳይኖራችሁ ከራሳችሁ ኪስ እየከፈላችሁ የምትሮጡ ወጣቶች፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ እለምናችኋለሁ። በቴሌግራምና በአንዳንድ የስፖርት ዕቃ መሸጫዎች የካርቦን ፕሌት (በሶሉ ውስጥ የሚቀበር ስስና ጠንካራ የካርቦን ዝርግ) አለው የሚባል የውድድር ጫማ «የማራቶን ሰዓትህን በአራት በመቶ ይቀንስልሃል» እየተባለ ይሸጣል። ዋጋው ለአንድ ጀማሪ አትሌት የብዙ ወር የቤት ኪራይና ቀለብ ነው። ጫማው ምንም አይሠራም እያልኩ አይደለም፤ ነገር ግን የሚነገረው ተስፋና በእጃችሁ የሚገባው ዕቃ የተለያዩ ናቸው።

አራት በመቶ የሚለው ቁጥር የታወቀው ናይኪ እ.ኤ.አ. በ2017 ቬፐርፍላይ የተባለውን ጫማ ቁጥሩን ከስሙ ጋር አያይዞ ለገበያ ሲያወጣ ነው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናይኪ በደገፈው ጥናት 18 ፈጣን ወንድ ሯጮችን በመሮጫ ማሽን ላይ አሩጠው የለኩት ሰውነታቸው የሚያወጣውን ጉልበት እንጂ የማራቶን ሰዓታቸውን አልነበረም። አራት በመቶውም አማካይ ነው፤ ከሯጮቹ አንዱ ከ2 በመቶ በታች ሲቆጥብ ሌላው ከ6 በመቶ በላይ ቆጥቧል። በተጨማሪም ጉልበት በአራት በመቶ ስለተቆጠበ ፍጥነት በዚያው ልክ አይጨምርም፤ ሰው በፈጠነ ቁጥር የሚገፋው አየር እየከበደው ስለሚሄድ ከተቆጠበው ጉልበት ከፊሉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ሻጩ ማራቶን በሦስት ሰዓት የሚጨርሰውን ሰው «ሰባት ደቂቃ ታተርፋለህ» ሲለው የጉልበትን ቁጥር በሰዓት ላይ አስልቶ ነው።

ዝግ ብሎ ለሚሮጥ ሰውማ ጥቅሙ ከዚህም ያነሰ ነው። ሯጮች በሰዓት 10 እና 12 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሮጡ በተደረገ ሌላ ምርመራ አማካይ ቁጠባው ወደ 1 በመቶ አካባቢ ወርዷል፤ ከተራ ጫማ ይልቅ በዚህኛው የበለጠ ጉልበት ያወጡም ነበሩ። ማራቶንን በአራት ሰዓት የሚጨርስ ሰው የሚሮጠው በዚሁ ፍጥነት ነው። ልዩነቱ በታላላቆቹ ላይም ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ጥናት በዓለም ደረጃ ያሉ ኬንያውያን ሯጮች ከጫማ ጫማ ያሳዩት ለውጥ ከ11 በመቶ ጥቅም እስከ 11 በመቶ ጉዳት ደርሷል። ሻጭ ግን ሁላችንንም በአንድ ቁጥር ይመዝነናል።

ብዙዎች የጫማውን ኃይል ለማሳየት የማራቶን ሯጯን የትዕግሥት አሰፋን ድል እያነሱ ይከራከራሉ። ትዕግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 በርሊን ላይ 2:15:37፣ በ2023 ደግሞ እዚያው 2:11:53 ገብታ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብራለች። በሁለተኛው ውድድር ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም ብቻ የሚመዝንና 500 ዶላር የሚሸጥ ነበር። በሁለቱ ውድድሮች መካከል የነበረውን የአንድ ዓመት ልፋት ትቶ ለውጡን በሙሉ ለጫማው መስጠት በእውነት ልጅቷን መበደል ነው። ኃይሌም እ.ኤ.አ. በ2008 በዚያው ከተማ 2:03:59 ሲገባ ይህ ዓይነቱ ጫማ ገና አልመጣም ነበር። ደግሞም ያንን ባለ 500 ዶላር ጫማ አምራቹ ራሱ ለአንድ ማራቶንና እግርን ለማለማመጃ ያህል የተሠራ መሆኑን አስታውቋል።

ዋናው አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። «አንድ ውድድር ብቻ የተሮጠበት፣ ኦርጅናል» እየተባለ የሚሸጠው ጫማ ጉልበቱን የጨረሰ ሊሆን ይችላል። የዚህ ጫማ ዋና ጥቅም ከካርቦኑ ይልቅ የሚመጣው በሶሉ ውስጥ ካለው ቀላልና የሚያነጥር ስፖንጅ መሰል ፎም ስለሆነ፣ ፎሙ ከሞተ የቀራችሁ ውድ ስም ብቻ ነው። ሱሉልታ ልምምድ የሚሠራ የጎረቤቴ ልጅ እንዲህ ያለ ጫማ ገዝቶ አሳይቶኝ ነበር። የፊተኛው ጎማ ተልጦ ልሙጥ ሆኗል፣ የሶሉ ጎን ተሸብሽቧል፣ ፎሙ በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደተጎደጎደ ይቆያል። ከሁሉ የከፋው ጫማው ከጣቶቹ ሥር ያለ ምንም ችግር እጥፍ ማለቱ ነበር፤ እውነተኛ የካርቦን ፕሌት እንደዚያ አይታጠፍም። ሊስትሮው ሶሉን ሲከፍተው ከውስጡ የወጣው ስስ ፕላስቲክ ነው። ልጁ ገንዘቡን ለመጠየቅ ሲደውል ሻጩ ስልክ አያነሳም፤ በቴሌግራምም ዘግቶታል።

ጫማው ኦርጅናል ቢሆን እንኳ የሶሉን ውፍረት ሳትጠይቁ አትግዙ። የዓለም አትሌቲክስ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የጎዳና ውድድር ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ፕሌቱም ከአንድ እንዳይበልጥ ወስኗል። ደራራ ሁሪሳ እ.ኤ.አ. በ2021 የቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ ውጤቱ የተሰረዘበት 50 ሚሊ ሜትር ሶል ያለው ጫማ በማድረጉ ነው። ወፍራም የልምምድ ጫማ «ለውድድር ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ይህን አይነግራችሁም።

ለመግዛት ከወሰናችሁ ጫማውን በአካል ሳታዩ ገንዘብ አትላኩ፤ አጥፋችሁ፣ ተጭናችሁ፣ ከተቻለም ጥቂት ሮጣችሁበት ሞክሩት፤ ደረሰኝም ተቀበሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ቀድማችሁ የተታለላችሁም ብትሆኑ የክፍያውን መልእክት፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትንና የጫማውን ፎቶግራፍ ሳታጠፉ ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ላለው ንግድ ቢሮ አመልክቱ።