ዊንግሱት ወይስ የስፖርት መኪና?

ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን ጓደኛዬ ጠየቀኝ፦ «ገንዘቡ ቢኖርህ የቱን ትገዛለህ፣ ዊንግሱት (ከሰማይ ሲዘል የሚለበስ ባለክንፍ ልብስ) ወይስ የስፖርት መኪና?» በፓራሹት መዝለልም፣ ፈጣን መኪናም እንደምወድ ያውቃል።

ከመኪናው ልጀምር፤ ቶሎ ያልቃል። በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስትነዳ መብራት ይይዝሃል። ከዚያ ሌላ መብራት። ጉብታው ላይ ደግሞ ሆዱ ይፋቃል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። ኤሌክትሪኩ ይፈጥናል፣ ግን አያጓራም። ለእኔ ግማሹ ደስታ ጩኸቱ ነው።

ዊንግሱት ሌላ ነገር ነው። በእጅና በጎን፣ በሁለቱ እግሮችም መካከል ጨርቅ አለው፤ አየር ገብቶ ሲነፋው ክንፍ ይሆናል። በተራ ዝላይ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ትወርዳለህ። ከ4,000 ሜትር ብትዘል አንድ ደቂቃ ነው፣ አለቀ። በዊንግሱት ግን አንድ ሜትር ስትወርድ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ወደፊት ትሄዳለህ። ያቺ ደቂቃ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ትሆናለች። መሪ የለም፤ ትከሻህን ዘንበል ስታደርግ ትታጠፋለህ።

ታዲያ ማንም ተነስቶ አይለብሰውም። መጀመሪያ 200 ዝላይ ይጠየቃል። የዘመናዊው ዊንግሱት ፈር ቀዳጅ ፓትሪክ ደ ጋያርዶን ራሱ በ1998 እ.ኤ.አ. ሃዋይ ላይ ሲዘል ነው የሞተው። (እናቴ ይህን እንዳትሰማ።)

«ዊንግሱቱን» አልኩት። ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ፓርኪንግም አይከፈልበትም።

ጓደኛዬ ሳቀ። «እሺ፣ የማኪያቶውን ማን ይከፍላል?»