ሳልሳ ወይስ ሜሬንጌ፦ ለጀማሪ የቱ ይቀላል?

ሜሬንጌ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ጭፈራ ነው። በእያንዳንዱ ምት አንድ እርምጃ፣ ግራ ቀኝ፣ አለቀ። መራመድ የቻለ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይጨፍራል።

ሳልሳ ግን ያስቸግራል። መነሻው የኩባ ሙዚቃ ነው፤ በዚህ ስም የገነነው ኒውዮርክ ውስጥ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። እስከ 8 ይቆጠራል። እግር የሚነሳው በ1፣ 2፣ 3 እና በ5፣ 6፣ 7 ሲሆን፣ 4 እና 8 ላይ ቆም ይባላል። ጀማሪን ጉድ የሚያደርገው ይሄ ቆም ማለት ነው። እግር አልቆም ይላል፤ ከዚያ የሌላው ሰው ጣት ይረገጣል! ሙዚቃው ሲፈጥን ደግሞ ቆጠራው ራሱ ይጠፋል።

እኔ በሜሬንጌ ጀምሩ ባይ ነኝ። መምራት፣ መከተልና መዞር እዚያው ይለመዳል፤ ለሳልሳም ያገለግላል። ቶሎ ይሰለቻል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ጫማችሁ ግን ለሁለቱም የሚያንሸራትት ሶል ይኑረው። የስኒከር ጎማ ወለሉን ሙጭጭ ብሎ ይይዝና ስትዞሩ ጉልበት ያማል።