ፋሚሊሰርች፦ የአሜሪካ አቅኚ ሴትን ዘር ከጎጃም ሆኖ ለመቁጠር

ፋሚሊሰርች የዘር ሐረግ የሚፈለግበት ድረ ገጽ ነው። አገልግሎቱ ነጻ ነው፤ አካውንት መክፈት ብቻ ይበቃል። ባለቤቱ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ቢሆንም አባልነት አይጠየቅም። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ለሚያጠና ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ፈተናው የሚመጣው የምትፈለገው ሴት ስትሆን ነው።

እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም በአባቷ ስም ትጠራለች፤ የጎጃም ርስት ተከራካሪም በእናቱ በኩል እስከ አቅኚው አባት ይቆጥር ነበር። አሜሪካዊቷ ግን እንደ ልማዱ የባሏን ስም ትይዛለች፤ ሁለቴ ካገባች ሁለቴ ትሰወራለች። ስለዚህ የቤተሰብ ስም ሳጥኑን ባዶ ተዉና የራሷን ስም፣ የባሏን ሙሉ ስም፣ የትውልድ ዘመኗንም አምስት ዓመት ወዲህና ወዲያ አስፍታችሁ ሙሉ። አጻጻፉ ካጠራጠረ በአንድ ፊደል ቦታ የጥያቄ ምልክት፣ በብዙው ቦታ ኮከብ አስገቡ።

ትልቁ ሀብት የሕዝብ ቆጠራው ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ)። ነጻ ሰው ሁሉ በስሙ የተመዘገበው ከ1850 ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት አባወራው ብቻ። የ1880ው ዝምድናን ይጽፋል። የ1890ው አብዛኛው በ1921 ቃጠሎ ስለጠፋ፣ በመሃል ያገባች ሴት ዱካዋ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። የ1900ው ይክሳል፦ የተወለደችበት ወርና ዓመት፣ በትዳር የቆየችበት ዘመን፣ ስንት እንደወለደችና ስንቱ በሕይወት እንዳለ ይናገራል። በሕይወት አሉ የተባሉት ቤቱ ውስጥ ከተመዘገቡት ከበዙ፣ ያገባችውን ልጅ በሌላ ስም ፈልጉ።

የጋራ የቤተሰብ ዛፉን ግን አትመኑ። ማንም ያርመዋል፤ ሞክሼ ሴቶች ተደባልቀው አንዲት እናት ሆነው ይገኛሉ። ሰነድ ያልተያያዘበትን ስም እንደ ወሬ ቁጠሩት።

ፋሚሊሰርች በመሬት ሰነድ ደካማ ነው። የመንግሥትን መሬት ለሰፋሪዎች የሚሰጠው የ1862ቱ የሆምስቴድ ሕግ 21 ዓመት ለሞላት ያላገባች ሴት ወይም ለቤተሰብ ኃላፊ 160 ኤከር (65 ሄክታር ገደማ) ይፈቅድ ነበር። የባለቤትነት ሰነዱን የአሜሪካ መሬት አስተዳደር ቢሮ ድረ ገጽ በነጻ ያሳያል፤ ሕጉ የሚጠይቀውን አምስት ዓመት መሬቱ ላይ ኖራ ሳትጨርስ የለቀቀች ግን እዚያ የለችም። ሰነዱ ላይ ያለውን የሰርተፍኬት ቁጥር ይዞ ለዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የሚጽፍ፣ ስለ ቤቷና ስለታረሰው መሬት ምስክሮች የሰጡትን ቃል ያገኛል።

በፍለጋው ውጤት ላይ የካሜራ ምልክቱ ቁልፍ የተሳለበት የሰነድ ምስል ገደብ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ከቤት አይከፈትም፣ በፋሚሊሰርች ማዕከላት ወይም በተባባሪ ቤተ መጻሕፍት ይታያል።