ስሙን እንመን ወይስ ማህተሙን?

አሮጌ የእንግሊዝ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ እጃችሁ ቢገባ፣ ትውልዱን የምትጠይቁት ሁለት ቦታ ነው፦ ላዩ ላይ የተቀረጸውን ስምና ከአፈሙዙ ሥር የተመታውን የፍተሻ ማህተም (አፈሙዙ በተኩስ ተፈትኖ ማለፉን የሚያሳይ ምልክት)።

ስሙ ዓይን ይስባል። ግን ስም ማንም ይቀርጻል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከቤልጂየም ወደ አሜሪካ የተላከው ብዙ ርካሽ ጠመንጃ «ደብሊው ሪቻርድስ» ተብሎ ተጽፎበታል። ገዢው ዝነኛው የእንግሊዝ ጠመንጃ ሠሪ ዌስትሊ ሪቻርድስ እንዲመስለው ነው። ስሙ እውነተኛ ቢሆን እንኳ የሻጩ ሊሆን ይችላል። ብዙ ባለሱቆች ጠመንጃውን በርሚንግሃም አሠርተው የራሳቸውን ስም ያስጽፉ ነበር።

ማህተሙ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ጥይት አለመኖሩን አረጋግጡ። ከዚያ አፈሙዞቹን ከሰደፉ አላቅቁና ገልብጡ። ዘውድ ያለበት የተጠላለፈ በትረ መንግሥት ካያችሁ፣ ከ1813 እስከ 1904 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ባለው ጊዜ በርሚንግሃም ተፈትኗል። «ለድፍን ጥይት አይሆንም» (NOT FOR BALL) የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለ ደግሞ ዘመኑ ይጠብባል፤ ከ1875 እስከ 1887 ነው። በሞላላ ክብ ውስጥ «ኢ.ኤል.ጂ.» የሚሉ የላቲን ፊደላትና ኮከብ ካሉስ? የሊየዥ ነው፤ ላዩ ላይ ለንደን ቢባልም ቤልጂየማዊ ነው።

እኔ ማህተሙን አስቀድማለሁ። ሠሪውን ግን ብቻውን አይነግራችሁም። ላዩ ላይ ፐርዲ ወይም ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ (ሁለቱም ዝነኛ የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ናቸው) ከተባለ፣ ተራ ቁጥሩን ከድርጅቱ የቆየ መዝገብ ጋር አስተያዩት።