ሐዋሳ የወሰድኩት የፕሮጀክት ግምገማ ሥልጠና

ባለፈው ወር ሐዋሳ የአምስት ቀን የክትትልና ግምገማ ሥልጠና ወስጄ ነበር። ክፍያው ከኪሴ ስለወጣ፣ ለመመዝገብ ለምታስቡ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አሰልጣኙ ሥራውን ያውቃል። ሎግፍሬም (የፕሮጀክቱን ዓላማ፣ ሥራና መለኪያ በአንድ ሠንጠረዥ የሚያሳየው) በ1969 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ የዕርዳታ ድርጅት ለዩኤስኤይድ ከተዘጋጀበት ጊዜ ጀምሮ፣ የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት (ኦኢሲዲ) የልማት ዕርዳታ ኮሚቴ በ1991 እስካወጣቸው አምስት የግምገማ መመዘኛዎች ድረስ ጥርት አድርጎ አስረዳን። በ2019 የተጨመረው ስድስተኛው መመዘኛ፣ አንድ ሥራ ከሌሎች ሥራዎች ጋር መጣጣሙን የሚጠይቀው፣ እኔን በጣም ነካኝ። ሁለት ድርጅቶች ሳይነጋገሩ አንድ ቀበሌ ውስጥ ጎን ለጎን ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከሁሉም በላይ የተጠቀምኩት ግን ይህን ነው። በሪፖርታችን ሁሉንም ነገር «ውጤት» እንላለን። አሰልጣኙ «የሠራነው» እና «ለሰዉ የተለወጠለት» ብሎ ለየልን።

በአራተኛው ቀን ከከተማ ወጥተን አንድ ቦኖ ጎበኘን። በወረቀት ላይ ዕቅዱ መቶ በመቶ ተሳክቷል። ከአራቱ ቧንቧዎች የሚወርደው አንዱ ብቻ ነበር፤ ጀሪካኖቹ እስከ መንገዱ ተሰልፈዋል። አንዲት እናት ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ወጥተው ፀሐይ ከፍ ካለ በኋላ እንደሚመለሱ በሲዳምኛ ነገሩን፤ የሥራ ባልደረባችን አስተረጎመልን። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ መሠረታዊ የውሃ አገልግሎት የሚሉት ወረፋውን ጨምሮ ደርሶ መልሱ ከ30 ደቂቃ የማይበልጠውን ነው። በእጃችን የነበረው ቅጽ ግን «ተሠርቷል» ወይስ «አልተሠራም» ብቻ ይጠይቃል። የእናታችንን ሌሊት የምጽፍበት ቦታ አጣሁ። እዚያው ዳር ላይ በእስክሪብቶ «የወረፋ ጊዜ» ብዬ ጨመርኩበት።

ቅር ያለኝም እዚህ ላይ ነው። መስክ የቆየነው ግማሽ ቀን ብቻ ነው። የውሃ ኮሚቴውን ገንዘብ ያዥ ሳናገኝ፣ የመለዋወጫ ገንዘብ መኖሩን ሳንጠይቅ ተመለስን። ሦስቱ ቧንቧዎች ለምን እንደቆሙ ሳይታወቅ የቦኖውን ዘላቂነት እንዴት እንመዝናለን? ጽሑፎቹም በሙሉ በእንግሊዝኛ ነበሩ፤ ከወረዳ የመጡት ባለሙያዎች፣ ቦኖውን ከማናችንም በላይ የሚያውቁት፣ ሁለት ቀን ዝም ብለው ተቀመጡ። ይህ በጣም አሳዘነኝ።

ምሳው ጥሩ ነው፤ አዳራሹ ከሰዓት በኋላ ይሞቃል።

ለጀማሪ እመክረዋለሁ። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን ስንት ቀን መስክ እንደምትወጡና ጽሑፉ በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ መኖሩን ጠይቁ። እኔ ለአዘጋጆቹ ሦስት ቀን መስክ እንዲያደርጉት ጽፌላቸዋለሁ።